ኢምፕላንት ከማስተከላችሁ በፊት፦ የመንጋጋ አጥንቴን እንዴት እንዳስሞላሁ

በ2005 ዓ.ም. ደሴ ተመድቤ እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ በታችኛው መንጋጋዬ በግራ በኩል አንድ ጥርስ አስነቀልኩ። የነቀለኝ ባለሙያ እጁ ቀላል ነበር፤ ብዙም አላመመኝም። ጎዝ አስነክሶኝ፣ ማስታገሻ ጽፎልኝ፣ በጨው ውኃ እንድጉመጠመጥ ነግሮ ሸኘኝ። ስለ አጥንት ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። ክፍተቱን ይዤ አሥራ አንድ ዓመት ኖርኩ። በቀኝ ማኘክ ለመድኩ፤ ስስቅም ስለማይታይ ረሳሁት። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ ገብቶ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሸከም የቲታኒየም ብረት ብሎን፣ ላስተክል ስሄድ ሐኪሙ የሲቲ ስካኑን ምስል ወደ እኔ አዞረና በእስክሪብቶው ጫፍ እያሳየ፣ "ድድዎ ደህና ነው። ከሥሩ ያለው አጥንት ግን ቀጥኗል። እዚህ ጋ የቀረው ወርዱ አራት ሚሊ ሜትር ነው" አለኝ።

ፋርማሲስት ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት መድኃኒት ሳድል ኖሬአለሁ። የጥርስ ሐኪም አይደለሁም፤ የሕክምናውን ውሳኔ ከሐኪማችሁ ጋር ነው የምትወስኑት። ነገር ግን በመስኮቴ በኩል የአሞክሳሲሊን ማዘዣ ይዘው የሚመጡ፣ ጉንጫቸው ያበጠ፣ ምን እንደተደረገላቸው በደንብ ያልተነገራቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። የሚጠይቁኝን ጥያቄ እኔም በራሴ አፍ ስላለፍኩበት፣ ቢነገረኝ ብዬ የተመኘሁትን ሁሉ እዚህ አስቀምጣለሁ።

መጀመሪያ፦ ጥርስ ልታስነቅሉ ከሆነ ከመነቀሉ በፊት ጠይቁ

የአጥንት ነገር የሚጀምረው ኢምፕላንት ባሰባችሁ ቀን ሳይሆን ጥርሱ በሚነቀልበት ቀን ነው። የመንጋጋ አጥንት ጥርሱን ይዞ የሚኖረው ጥርሱ ስላለ ነው። ጥርሱ ሲሄድ ሰውነት ያን የአጥንት ክፍል እንደማያስፈልግ ይቆጥረውና ቀስ በቀስ ይመጠዋል። በተለይ በጉንጭ በኩል ያለው የአጥንት ግድግዳ በተፈጥሮው ስስ ነው፤ ቀድሞ የሚጠፋውም እሱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ የአጥንቱ ወርድ እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ ይችላል፤ ከዚያም ውስጥ ትልቁ ድርሻ የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ነው የጠበቅሁት።

ስለዚህ ጥርስ ልታስነቅሉ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ ይህን ጠይቁ፦ "ወደፊት ኢምፕላንት ማስተከል እፈልግ ይሆናል። ጥርሱ በወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ዛሬውኑ የአጥንት መሙያ ማድረግ ይቻላል?" አንዳንዴ መልሱ "ይቻላል" ነው። ያኔ ጉድጓዱ በመሙያ ተሞልቶ በስስ ሽፋን ይዘጋል፤ አጥንቱ ሙሉ በሙሉ እንዳለ አይቆይም፣ የሚጠፋው ግን ይቀንሳል። አንዳንዴ ደግሞ ከፍተኛ ኢንፌክሽን ስላለ "መጀመሪያ ይዳን" ይባላል፤ እሱም ተገቢ መልስ ነው። ሌላው ደግሞ ጥርሱ እንዴት እንደሚነቀል ነው። ብዙ ሥር ያለውን መንጋጋ ጥርስ በጉልበት ከማውጣት ይልቅ ሥሮቹን ለያይቶ አንድ በአንድ ማውጣት ግድግዳውን ያተርፋል። "ዶክተር፣ አጥንቱ እንዳይሰበር ቀስ ብለው ያውጡልኝ" ማለት ነውር የለውም። እኔ ባልኩ ኖሮ ብዬ ዛሬም አስባለሁ።

አጥንቱን አስለኩ

ተራ ራጅ ቁመትን እንጂ ወርድን አያሳይም። ልክ የቤትን ፎቶ ከፊት ለፊት ብቻ አይቶ ጥልቀቱን ለማወቅ እንደመሞከር ነው። ለኢምፕላንት ዝግጅት የሚያስፈልገው ለመንጋጋ የሚሠራው ባለ ሦስት ገጽታ ሲቲ ስካን ነው፤ ቆማችሁ ወይም ተቀምጣችሁ ማሽኑ በጭንቅላታችሁ ዙሪያ አንዴ ይዞራል፣ በደቂቃ ውስጥ ያልቃል። የምስሉን ሲዲ ወይም ፋይሉን ተቀበሉ፤ ገንዘቡን የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ። ሁለተኛ ሐኪም ማማከር ብትፈልጉ እንደገና ጨረር መቀበል አያስፈልጋችሁም።

ምስሉ ሲታይ ሁለት ቁጥሮችን ጠይቁ። አንደኛው ወርድ ነው። አንድ መደበኛ ኢምፕላንት ወደ አራት ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ በግራና በቀኙ ደግሞ ቢያንስ አንድ አንድ ሚሊ ሜትር አጥንት ሊያቅፈው ይገባል። ስለዚህ ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ ይፈለጋል፤ የእኔ አራት ነበር። ሁለተኛው ቁመት ነው። በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል፤ የኢምፕላንቱ ጫፍ ከእሱ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል መራቅ አለበት። በላይኛው መንጋጋ ከኋላ በኩል ደግሞ ከአጥንቱ በላይ ሳይነስ የሚባል አየር የሞላበት ክፍል አለ፤ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ወለሉ ወደ ታች እየወረደ አጥንቱን ያሳሳዋል።

ሁሉም ሰው አጥንት ማስሞላት አያስፈልገውም፤ ይህን ደግሜ እላለሁ። አጠር ያለ ወይም ቀጠን ያለ ኢምፕላንት የሚበቃበት ጊዜ አለ፤ ብሪጅ፣ ማለትም ከጎንና ከጎን ባሉት ጥርሶች ላይ የሚያርፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የሚሻልበትም ጊዜ አለ። "ባላስሞላስ ምን አማራጭ አለኝ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳችሁን ሐኪም ምረጡ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ገና አፌን ሳያዩ ዋጋ ነገሩኝ፤ ከዚያ ወጥቼ ሌላ ፈለግሁ።

ሰውነታችሁን አዘጋጁ

ሁለተኛው ዓይነት ስኳር አለብኝ። ሐኪሙ በጥር ወር የሦስት ወር ስኳር ምርመራ ሲያዝልኝ ውጤቱ 8.4 በመቶ መጣ። "በዚህ አልነካዎትም" አለኝ። ቅር አላለኝም፤ ትክክል ነበር። ስኳር ከፍ ሲል ቁስል ይዘገያል፣ ኢንፌክሽን ይቀልለዋል፣ የተሞላው አጥንትም ሳይያዝ ሊቀር ይችላል። መድኃኒቴ ተስተካከለ፤ ከቀኑ እንጀራዬ ግማሹን ቀነስኩ፤ በየማታው ከገርጂ አደባባይ እስከ ቤቴ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ሚያዝያ ላይ 7.1 ሆነ። ብዙ ሐኪሞች ሰባት አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ደስ ይላቸዋል፤ የራሳችሁ ሐኪም የሚለውን ስሙ። ሦስት ወር ማዘግየቱ ከባድ መስሎ ከታያችሁ፣ ይህ ምርመራ የሚያሳየው ያለፉትን ሦስት ወራት ስለሆነ በአንድ ሳምንት ጾም ሊታለል እንደማይችል አስታውሱ።

ሲጋራና ሺሻ የድድን የደም ሥር ያጠብባሉ፤ ደም ያልደረሰው አጥንት አይበቅልም። ከቀዶ ሕክምናው ሳምንታት በፊት ማቆምና ቁስሉ እስኪድን አለመመለስ ነው። ጫት የሚቅሙም በዚያ በኩል ባለው ጉንጭ ቅጠል መያዝ የለባቸውም፤ ስፌቱን ያሻዋል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጡ መድኃኒቶችን የምትወስዱ፣ በሳምንት አንዴ የሚዋጠው አሌንድሮኔት፣ በደም ሥር የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ፣ በመርፌ የሚሰጠው ዴኖሱማብ፣ ለጥርስ ሐኪማችሁ ሳትነግሩ እንዳታስነኩ። እነዚህ መድኃኒቶች አልፎ አልፎ፣ በተለይ ለካንሰር በከፍተኛ መጠን ሲሰጡ፣ የመንጋጋ አጥንት ከተነካ በኋላ ሳይድን እንዲቀርና እንዲሞት ያደርጋሉ። ብዙ እናቶች "ለጉልበቴ ነው የታዘዘልኝ" እያሉ ለጥርስ ሐኪም አያነሱትም። መድኃኒቱን ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ። መንጋጋቸው ከዚህ ቀደም የጨረር ሕክምና ያገኘም እንዲሁ አስቀድመው ይናገሩ።

ደም እንዳይረጋ የሚሰጡትን ዋርፋሪንም ሆነ አስፕሪን የምትወስዱ ደግሞ በራሳችሁ አታቁሙ። "ደም እንዳይፈሰኝ ብዬ ከሦስት ቀን በፊት ተውኩት" የሚል ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል፤ ልቡ ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ሰው ነበር። ቢደማ በጎዝና በስፌት ይቆማል፤ ልብ ወይም አንጎል ውስጥ የሚረጋ ደም ግን ሌላ ነገር ነው። የጥርስ ሐኪሙና የልብ ሐኪሙ ተነጋግረው ይወስኑ። ለፔኒሲሊን አለርጂ ካለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ በብዛት የሚታዘዘው አሞክሳሲሊን የዚያው ወገን ነውና።

የሚሞላው ነገር ከምን ነው?

ይህን ጥያቄ ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ለእኔ ከሁሉም ረዥሙ ንግግር የተደረገው እዚህ ላይ ነው።

መሙያው ከራሳችሁ አጥንት ሊሆን ይችላል፤ ከመንጋጋ ጀርባ ወይም ከአገጭ ተፍቆ ወይም ተቆርጦ ይወሰዳል። ሕያው ሴሎች ስላሉት ጥሩ ነው፤ ሌላ የሚቆሰል ቦታ መኖሩ ግን ጉዳቱ ነው። ከሟች ሰው የተለገሰ፣ በላቦራቶሪ የተጣራ አጥንትም አለ። ከከብት አጥንት ተወስዶ ፕሮቲኑ ሁሉ የወጣለትና ማዕድኑ ብቻ የቀረ አለ፤ ባዮ-ኦስ የሚባለው የስዊዘርላንድ ምርት ከዚህ ወገን ነው። በፋብሪካ የተሠራ፣ ከካልሲየምና ከፎስፌት የሚዘጋጅም አለ። ከራስ አጥንት ውጭ ያሉት በብዛት የሚመጡት በፍሬ መልክ ነው፤ ፍሬው ነጭ ነው፣ ደቃቅ ጨው ይመስላል።

ፍሬው ራሱ አጥንት አይሆንም። አዲስ አበባ ውስጥ ሕንጻ ሲሠራ የባሕር ዛፍ አጣና እየተጠረበ መወጣጫ ይሠራ እንደነበረው አድርጋችሁ አስቡት። ሠራተኞቹ የራሳችሁ የአጥንት ሴሎች ናቸው፤ መወጣጫውን ተከትለው እየወጡ አዲሱን ግድግዳ ይሠራሉ። አንዳንዱ መወጣጫ በወራት ውስጥ ይጠፋል፤ የከብቱ ግን ለብዙ ዓመት ከአዲሱ አጥንት ጋር ተዋሕዶ ይኖራል።

በላዩ የሚደረገው ስስ ሽፋን ለምን እንደሚያስፈልግ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ድድ ፈጥኖ ያድጋል፤ አጥንት ግን ይዘገያል። ካልተከለለ ድዱ ቀድሞ ገብቶ ቦታውን ይይዘዋል። ሽፋኑ ለአጥንቱ ጊዜ የሚገዛ አጥር ነው። ታዲያ ብዙዎቹ ሽፋኖች የሚሠሩት ከአሳማ ከሚገኝ ኮላጅን፣ ማለትም ከቆዳና ከመሰል የሰውነት ክፍሎች ከሚወጣ ፕሮቲን፣ ነው፤ ታዋቂው ባዮ-ጋይድም ከዚያ ነው። ይህን ለሐኪሙ ሳነሳ፣ "እስካሁን የጠየቁኝ ጥቂቶች ናቸው፤ መጠየቅ ግን መብትዎ ነው" አለኝ። ከከብት ኮላጅን የተሠራ ሽፋን እንዳለ ነገረኝ፤ እሱን መረጥኩ፤ ትንሽ ቀናት ጠበቅሁ እንጂ መጣልኝ። አብራኝ የምትሠራው ሙስሊም ጓደኛዬ በኋላ እሷም ስታሠራ መሙያውን ከፋብሪካ የሚሠራውን፣ ሽፋኑንም ከከብት የሚሠራውን አስደረገች። አንዳንዱ ሰው "ለሕክምና ከሆነ ይፈቀዳል" ብሎ ይቀበላል፤ የየራሱ ሕሊናና የሃይማኖት አባቱ ጉዳይ ነው። የሚያሳዝነኝ ሳይነገረው ተደርጎለት በኋላ በወሬ የሚሰማ ሰው ነው። ስለዚህ የመሙያውንና የሽፋኑን ስም፣ ከምን እንደተሠሩ ጭምር፣ በጽሑፍ ጠይቁ። ማሸጊያው ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አለ፤ ፋይላችሁ ላይ ይለጠፍ።

ቀኑን ስትመርጡ

እኔ የመረጥኩት ግንቦት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር፤ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ከቁስል በኋላ ባሉት ሳምንታት እንቁላልና ወተት፣ ለስላሳ ሥጋም እንዳይከለከል ብዬ ነው። በሁዳዴ መካከል ማድረግ የግድ ከሆነባችሁ የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ፤ ለታመመ ሰው መፍትሔ አለው። ባዶ ሆድ ላይ አይቡፕሮፌን መዋጥ ግን ጨጓራን ያቃጥላል፤ የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየትም አደገኛ ነው። ሙስሊሞችም ከረመዳን ውጭ ቢያደርጉት መድኃኒቱን በሰዓቱ ለመውሰድ ይቀላል።

ሠርግ፣ ተዝካር፣ ረዥም የመኪና ጉዞ ያለበትን ሳምንት ተዉት። ፊት ያብጣል።

በዕለቱ

ቁርስ በልታችሁ ሂዱ፤ በአካባቢ ማደንዘዣ ብቻ ከሆነ መጾም አያስፈልግም፤ ማስተኛ መድኃኒት ከተጨመረ ግን የሚሉትን ተከተሉ። ሸሚዝ ቢሆን እጅጌው የሚጠቀለል ይሁን፤ ከእኔ ክንድ በሁለት ብልቃጥ ደም ቀድተው በሚሽከረከር ማሽን ውስጥ አስገቡት። ከውስጡ ቢጫማ፣ እንደ ጄሎ የሚንቀጠቀጥ ነገር ወጣ። ይህ ከራስ ደም የሚገኝ የረጋ ፋይብሪን ነው፤ ከፍሬው ጋር ሲቀላቀል ያጣብቀዋል፣ ለድዱ መዳንም ያግዛል ይላሉ።

ማደንዘዣው ከያዘ በኋላ ሕመም የለም፤ ግፊትና ድምፅ ግን አለ። ድዱ ተከፈተ፤ አጥንቱ ላይ ደም እንዲመጣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተበሱ፤ ከመንጋጋዬ ጀርባ ትንሽ አጥንት ተፋቀ፤ ከከብቱ ፍሬ ጋር ተደባልቆ ተቀመጠ፤ ሽፋኑ ተደረገ፤ ተሰፋ። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፈጀ። ነርሷ፣ "ማዘር፣ ሲያምዎት ግራ እጅዎን ያንሡ" ብላኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ አንሥቼ ማደንዘዣ ጨመሩልኝ። ሕመሙን ችላችሁ አትቀመጡ፤ እጃችሁን አንሡ።

አንድ ነገር ከመውጣታችሁ በፊት፦ ማደንዘዣው ሳይለቅ የመጀመሪያውን ማስታገሻ ውሰዱ። ሕመሙ ከመጣ በኋላ ማሳደድ ከባድ ነው። ኩላሊት፣ ጨጓራ ወይም የደም ግፊት ያለባችሁ አይቡፕሮፌን ከመውሰዳችሁ በፊት ጠይቁ። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከአራት ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ፣ ማለፍ የለበትም። የታዘዘላችሁን አንቲባዮቲክ ደግሞ "ተሻለኝ" ብላችሁ በሦስተኛው ቀን አታቁሙት፤ የተረፈውንም ለጎረቤት አትስጡ።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት

እዚህ ላይ ነው ብዙው ነገር የሚበላሸው፤ የሚበላሸውም ቤት ውስጥ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን አትጉመጥመጡ፣ አትትፉ። ምራቃችሁን ዋጡት ወይም አፋችሁን ከፍታችሁ በራሱ ይፍሰስ። በስትሮ አትጠጡ። መምጠጥና መትፋት የረጋውን ደም ይነቅላል፤ ፍሬውም አብሮ ይወጣል። ጎዙን አንድ ሰዓት ያህል ንከሱ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በጉንጭ ላይ ሃያ ደቂቃ ያዙ፣ ሃያ ደቂቃ አሳርፉ። በሁለት ትራስ ተኙ። ቡናው በሁለተኛው ቀን ቢሆን፣ እሱም ለብ ብሎ፤ የእኔ ጎረቤቶች አንደኛውን ቀን ጀበናውን ይዘው መጡ፣ ሽታውን ብቻ አሸተትኩ።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ይጨምራል፤ አትደንግጡ፣ ጣሪያው እሱ ነው። አገጬ ሥር ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰንበር ወርዶብኝ ነበር። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ መቀነስ አለበት።

ከሃያ አራት ሰዓት በኋላ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ ከምግብ በኋላ አፋችሁ ውስጥ ያዙት። አታንገጫግጩ፤ ጭንቅላታችሁን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋችሁ ያዙትና ይፍሰስ። ክሎርሄክሲዲን የሚባለው ጀርም ገዳይ የአፍ መጉመጥመጫ ከታዘዘላችሁ በቀን ሁለቴ ነው፤ ከተባለው ጊዜ በላይ አትቀጥሉት፣ በተለይ ቡናና ሻይ ለሚወድ ሰው ጥርስን ቡናማ ያደርጋል። ሌሎቹን ጥርሶች እንደ ወትሮው አጽዱ። መፋቂያ ግን ቁስሉ አጠገብ አይድረስ።

ነጭ ሽንኩርት፣ ቅርንፉድ፣ ጤናዳም፣ አረቄ፦ ሁሉም ተመክሮልኛል፤ በፍቅር ነው። አንዳቸውንም ቁስሉ ላይ አታድርጉ። ነጭ ሽንኩርት የተከፈተ ድድን ያቃጥላል፤ አረቄም ስፌት ያለበትን ሥጋ ያደርቃል።

ምግቡ፦ አጥሚት፣ ያልጋለ ሾርባ፣ በርበሬ የሌለው አልጫ ሽሮ፣ ተቀቅሎ የተፈጨ ድንች፣ አቮካዶ፣ የተመታ እንቁላል፣ እርጎ፣ ቀጭን በሶ። ገንፎ ጥሩ ነው፤ መሐሉ ላይ ግን በርበሬው ቀርቶ ቅቤው ብቻ ይሁን። ስኳር ላለብን አጥሚቱ ያለ ስኳርና ማር። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ጥብስና ቁርጥ፣ ሚጥሚጣም፣ ለረዥም ጊዜ ይቅሩ። የፈንዲሻ ገለፈት ስፌት ውስጥ ሲገባ ሳያዩት ይከርማል። ሰው ቤት ስትሄዱ "ትንሽ ብቻ" ይባላል፤ "ሐኪም ከልክሎኛል" በሉ።

በአራተኛው ቀን ምላሴ ላይ ሦስት አራት ነጭ ፍሬ አገኘሁ። ልቤ ደነገጠ፤ ደወልኩ። "ጥቂት ፍሬ መውጣቱ ያጋጥማል፣ በምላስዎ አይነካኩት" አለኝ። ብዙ ከወጣ፣ ወይም ሽፋኑ በድዱ መካከል ወጥቶ ከታየ፣ በዚያው ቀን መሄድ ነው። ሳይውሉ ሳያድሩ የሚያስኬዱ ሌሎችም አሉ፦ ጎዝ ለግማሽ ሰዓት አጥብቃችሁ ነክሳችሁም የማይቆም ደም፣ ትኩሳት፣ መግል ወይም መጥፎ ጣዕም፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሚጨምር እብጠት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ማስቸገር፣ ማደንዘዣው መልቀቅ ከነበረበት ሰዓት አልፎ በማግሥቱም ያልለቀቀ የከንፈር መደንዘዝ።

ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምታደርጉ፣ ሐኪሙ ከሥሩ ሳይሞርደው አታድርጉት። በተሞላው ቦታ ላይ የሚጫን ጥርስ አጥንቱን እያደቀቀ ያጠፋዋል። ለውበት ብላችሁ በአምስተኛው ቀን እንዳታስገቡት።

ስፌቴ የወጣው ግንቦት 19፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው።

ከውጭ አገር ለምትመጡ

ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። የእኔን ሲሰማ በሐምሌ ለአራት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ መጣ፤ "እታለም፣ አጥንቱንም ጥርሱንም ጨርሼ ነው የምመለሰው" አለኝ። የእሱ ላይኛው ቀኝ በኩል ነው፤ ከሳይነሱ በታች የቀረው አጥንት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። በዚህ ልክ ሲሳሳ ሐኪሙ ከጎን በኩል በአጥንቱ ላይ ትንሽ መስኮት ከፍቶ፣ የሳይነሱን ስስ ሽፋን ቀስ ብሎ ወደ ላይ አንሥቶ፣ ከሥሩ ይሞላል። ያ ሽፋን እንደ እንቁላል ልጣጭ የሳሳ ነው፤ በሥራው ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ችግርም የእሱ መቀደድ ነው። እዚያ የተሞላ አጥንት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይጠብቃል። በአራት ሳምንት የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ያልቃል የሚላችሁ ካለ፣ ምስሉን ይዛችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

ስለዚህ በሁለት ወይም በሦስት ጉዞ አቅዱት። የአጥንቱን ሥራ በመጣችሁበት በመጀመሪያው ሳምንት አስደርጉ፤ ስፌቱ ወጥቶ፣ እብጠቱ ጠፍቶ ነው የምትመለሱት። ሳይነስ ከተነካ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አለመብረር ነው፤ የአየር ግፊቱ ለውጥ ለሳይነስ አይመችም። ወንድሜ በሃያ አራተኛው ቀን ነው የተሳፈረው። ለሳምንታት ንፍጥ አለመናፈጥ፣ ሲያስነጥስ አፍ ከፍቶ ማስነጠስ፣ ከባድ ዕቃ አለማንሣት፤ እኔ እንኳ ሻንጣውን ከልክዬው ልጆቼ ተሸከሙለት። ለገና ተመልሶ ኢምፕላንቱ ተተከለለት።

በኢምፕላንቱ ላይ የሚገጠመውን ጥርስ እዚያው አሜሪካ ለማሠራት ስለወሰነ፣ የኢምፕላንቱን የአምራች ስም፣ ሞዴል፣ ውፍረትና ርዝመት፣ የምርት ቁጥሩንም የያዘውን ካርድ ተቀብሎ ሄደ። ይህን እንዳትረሱ እለምናችኋለሁ። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ መክፈቻና የራሱ መገጣጠሚያ አለው፤ ካርዱ ከሌለ እዚያ ያለው ሐኪም አፋችሁ ውስጥ ያለው ብሎን የማን እንደሆነ ለማወቅ ሲፈልግ ይውላል። የሲቲ ስካኑን ፋይልም ይዛችሁ ሂዱ።

መጠበቅና ከዚያ በኋላ

እኔ አምስት ወር ጠበቅሁ። ምንም አይሰማም፤ አያምም፣ አይታይም። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። በየወሩ የስኳሬን መጠን እያየሁ፣ በግራዬ ሳላኝክ ክረምቱን አለፍኩ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሁለተኛው ምስል ሲነሣ ወርዱ ሰባት ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። በዚያው ወር ኢምፕላንቱ ገባ፤ ከመጀመሪያው ሥራ ይልቅ በጣም ቀላል ነበር፣ በማግሥቱ ሥራ ገባሁ።

ከዚያ በኋላም ሌላ ሦስት ወር አለ። ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ ያስተዋለው ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጥንቸል አጥንት ሲያጠና ያስገባውን የቲታኒየም ዕቃ መልሶ ማውጣት አቃተው። እ.ኤ.አ. በ1965 የመጀመሪያውን ሰው አከመ፤ ያ ሰው፣ ዮስታ ላርሶን፣ እስኪሞት ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ በእነዚያው ኢምፕላንቶች በላ። ያን ውሕደት ነው የምትጠብቁት፤ ሳይዋሐድ ቢታኘክበት ይነቃነቃል።

የሚታየው ጥርስ፣ ክራውን የሚሉት፣ በየካቲት ተገጠመልኝ። ዋጋ ስትጠይቁ እነዚህን ሁሉ ለየብቻ አስጽፉ፦ ምስሉን፣ መሙያውን፣ ሽፋኑን፣ ቀዶ ሕክምናውን፣ ኢምፕላንቱን፣ ክራውኑን፣ ከዚያም አጥንቱ ባይያዝ የሚደገመው በማን ወጪ እንደሆነ። አንድ ድምር ብቻ ሲነገራችሁ በኋላ የሚጨመር ነገር አይጠፋም።

አሁን በየማታው በኢምፕላንቱ ዙሪያ በጥርስ ክርና በትንሿ ክብ ብሩሽ አጸዳለሁ፤ ድዱ እዚያ ቢቆጣ እንደ ጥርስ ስለማያም ሳይታወቅ አጥንቱን ይበላዋል። በየስድስት ወሩ እየሄድኩ አስመረምራለሁ፤ የሦስት ወር ስኳሬን ውጤትም ይዤ ነው የምሄደው። ባለፈው ሳምንት በግራዬ የሽምብራ ቆሎ ቆረጠምኩ፤ ቀስ ብዬ፣ ሁለት ፍሬ።